ጨዋታውን የበላው ድግስ

አገራችን ውስጥ ለማዋጣት የሚሰንፍ ሰው አላየሁም። ቤት ሲቃጠል ይዋጣል፣ በሬ ገደል ሲገባ ይዋጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲያፈስ ይዋጣል። ልጅ ሲዳርም ሰው ሲቀበርም እንደዚያው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት እናንተም እንደ እኔ ስትሰሙት አድጋችኋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አንበሳው ከታሰረ በኋላ የድሮቹን ምሳ የሚችለው ማን ነው? ተረቱ ስለዚህ ዝም ብሏል። እኔ መልሱን ሰቆጣ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ካገኘሁት ጀምሮ ግን ለማንም አሟልቼ ነግሬ አላውቅም።

በሬዲዮ ዘጋቢነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ይኸው ነው እንጀራዬ። «ተሰማኝ» የሚል ቃል ዜናዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሰው «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ሲለኝ «ስንት ቀን ዘነበ?» ብዬ የምመልስ ዓይነት ነኝ። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ስንት ጊዜ እንደተማረረች እሷው ብትነግራችሁ ይሻላል፤ ቁጥሩን እኔ አልያዝኩትም።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል መቀመጫዬ ሰቆጣ ነበር። እዚያ ወለላ የምትባል የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ቀን ለአለቆቿ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ባጠራቀመችው ደመወዝ ከወልድያ ገዝታ፣ አውቶቡስ ውስጥ በጋቢ ጠቅልላ በጭኗ ይዛ ያመጣችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለች። ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ብቻዋን ተምራ የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራች ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው፦ አሞሌ ጨው የጫነች በቅሎ እየነዳችሁ ከአበርገሌ ቆላ ተነሥታችሁ ሰቆጣ ገበያ ትደርሳላችሁ። መንገዱ አቀበት ነው፤ ጭነቱ እየተንሸራተተ ያስቸግራል። የሚያቃና ሰው ከየመንደሩ ትጠራላችሁ፤ የጠራችሁትን ሰው ግን ከስንቃችሁ ታበላላችሁ። እኔ ስሞክረው ከየመንደሩ ያገኘሁትን ሁሉ ጠራሁ። ጭነቱ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ። ሰቆጣ ሳልደርስ ግን ስንቄ አለቀና በቅሎዋ ተኛች። ወለላ ሳቀች።

«አጋዥ አበዙ ጋሼ» አለችኝ።

ጨዋታው ከመንገዱ ገና ግማሹ ነበር የተሠራው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የኮምፒውተር ነጋዴ «ከጨረስሽው እገዛዋለሁ» ብሏታል። ለመጨረስ ስድስት ወር ያስፈልጋት ነበርና ያለ ደመወዝ የስድስት ወር ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። የቀረው የስድስት ወር ቀለብና የቤት ኪራይ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጄኔሬተር ነዳጅ ነው። እኔም ይህንኑ በሁለት ደቂቃ ዜና አስነገርኩ። በማግሥቱ የከተማው ሰው ሊያዋጣ መጣ። ዜና እንዲህ እጅ ሲያወጣ ያየሁት ያኔ ነው፤ በልቤ ኮራሁ። እኔም ሃምሳ ብር ሰጠሁ። ደረሰኝም ተቀብያለሁ።

ወለላ ያዋጣ ሁሉ ስሙ በጨዋታው መጨረሻ እንደሚጻፍለትና አንዳንድ ሲዲ እንደምትሰጥ ተናገረች። ችግሩ ከዚህ ጀመረ። ከአበርገሌ ፍየል ሊሸጥ የመጣ አንድ ሰውዬ ለናሙና ያሳየችውን ባዶ ሲዲ አገላብጦ አየና፣ ማሽላው ላይ ሰቅሎት ወፍ የሚያባርርለት ከሆነ ሁለት እንድትሰጠው ጠየቃት። የከተማው መዋጮ ሁሉ የሚያልፍባቸው ሽማግሌ መሪጌታ እንየው ደግሞ ስማቸው የት እንደሚጻፍ ጠየቁ።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ አባ» አለች ወለላ።

«ማን ሊሰማው?»

«አይሰማም፣ ይነበባል።»

መሪጌታ አጠገባቸው ከተቀመጡት ሽማግሌ ጋር በአገሩ የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ጥቂት ተነጋገሩና ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ልጄ፣ የሰጠ ሰው ስሙ ሰው ፊት ይጠራል፣ እልል ይባልለታል፣ እህል ይቀምሳል። ባዶ አፉን የሸኘሽው ሰው ሁለተኛ አይመለስልሽም።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ አገር መዋጮ ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰጪው ይበላል፤ ሲበላ ስሙ ይጠራል፤ ስሙ ሲጠራ ሌላውን መብለጥ ያምረዋል፤ ያኔ «ጨምሩልኝ!» ብሎ ቃል ይገባል። የብዙ ደብር ጣራ በዚህ ተከድኗል።

ወለላ ወደ እኔ መጣች። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ድግሱ ገንዘቡን እንዳይጨርስባት ፈርታለች። «ምን ይሻለኛል ጋሼ?» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ልብሽን ተከተይ» ይላት ነበር። እኔ ግን የመረጃ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ስለ ሁለት የጣራ መዋጮዎች ዘግቤ ነበርና ማስታወሻዬን አወጣሁ። በሁለቱም ድግስ ላይ ቃል የተገባው ለድግሱ ከወጣው እጥፍ በላይ ነበር። አሳየኋት። «መረጃው ይኸው ነው፤ ደግሺ» አልኳት።

ደገሰች። ከጾም ነጻ የሆነ ቀን ተመረጠ፣ ሙክቶች ታረዱ፣ ጠላው ተጠመቀ። ያላዋጣውም መጣ፤ የሰጠ ሰው ዘመድ፣ የዘመዱ ጎረቤት። መሪጌታ ስም ጠሩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ቃሉ እንደ ሐምሌ ዶፍ ወረደ። አቶ ዳኛው የሚባሉ ነጋዴ ተነሥተው ከገንዘቡ ሌላ አንድ ሙክት ጨመሩ፤ ሙክቱ ለምን እንደሚሆን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ከመሪጌታ ቀጥሎ ተቀምጬ ነበር። ለጋዜጠኛ ተብሎ የተመረጠ ሥጋ ቀረበልኝ። ቃል የተገባውን እየደመርኩ አጥንቴን ጋጥኩ፤ ድምሩ ያማረ ነበር።

ያልደመርኩት አንድ ነገር ነው። የደብር ጣራ ሲሆን፣ ቃል የገባ ሰው እግዚአብሔርን ፈርቶ ይከፍላል። የኮምፒውተር ጨዋታን ማን ይፈራል? ወሩ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፤ ከተገባው ቃል እጇ የገባው ኢምንት ነበር። በእጇ የነበረው በድግሱ አልቋል። ወለላ ነዳጅ አጣች፤ የቤት ኪራይ ወዘፈች።

አሁን ወደ ሥራዬ እንመለስ። ከተማው ማጉረምረም ጀመረ፤ የሚያጉረመርሙት ደግሞ የበሉት ናቸው። ጉርምርምታ ዜና ነው። ፍየል ሻጩን የሙክቱን ዋጋ ጠየቅሁት፣ ጠላ የጠመቀችዋን ሴት ስንት ጋን እንደጠመቀች፣ መሪጌታን ደግሞ ስንት ሰው እንደበላ። ምንጮቼ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ተመሳከሩ። አራተኛው ምንጭ የገዛ ሆዴ ነበር፤ እሱን አልጠቀስኩም። በመጨረሻ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ወለላ ሄድኩ።

«ገንዘቡ ለድግስ ውሏል ወይስ አልዋለም?» አልኳት።

«ውሏል» አለች።

«የምትጨምሪው አለሽ?»

«የሚጨመረውን እርስዎ ያውቁታል።»

ይህን መልስ አላስገባሁትም። ዜናው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ቦታ አልነበረውም። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም አመነኝ።

«ለኮምፒውተር ጨዋታ የተዋጣ ገንዘብ ለድግስ ዋለ» የሚለው ዜና በገበያ ቀን ተሰማ። ስሟን አልጠራሁም፤ «አንዲት ግለሰብ» ነው ያልኩት። በሰቆጣ የኮምፒውተር ጨዋታ የምትሠራ ግለሰብ ግን አንዲት ብቻ ነበረች። አለቃዬ ስልክ ደውሎ «ቁጥሩ ልክ፣ ምንጩ ልክ» ሲል አመሰገነኝ። በዚያው ቀን ሰው ገንዘቡን ሊጠይቅ በሯ ላይ ተሰለፈ። የሰጠው መጣ። ቃል ገብቶ ያልሰጠውም ከሰጠው ጋር መጣ። አቶ ዳኛው ቃል የገቡትን ሙክት እንድትመልስ ጠየቁ፤ ሙክቱ እኮ በጓሯቸው ታስሮ ሳር እየበላ ነበር።

ወለላ አልተከራከረችም። ፈቃዷን አቋርጣ ወደ ደብዳቤዋ ተመለሰች። ኮምፒውተሩን ካሴት ለሚቀዳ ሰው ሸጠችው፤ ሰውዬውም ለዘፈን ቦታ ሲፈልግ በቅሎዋን ከነጨውዋ አጠፋት። ሌላ ቅጂ ቀርቶ እንደሆነ በኋላ ጠይቄአታለሁ። አልቀረም። በቅሎዋ ሰቆጣ ገበያ ስትገባ ያየ ሰው የለም። ከኮምፒውተሩ ሽያጭ የተረፈውን ዕዳ በየወሩ ከደመወዟ እየቆረጠች መለሰች፤ ከድሃው ጀመረች። ዓመት ሊሞላ ሲል ወደ እኔ ደረሰች።

ቢሮዬ የመጣችው በምሳ ሰዓት ነው። ቆማ ደብተሯን ገለጠችና ሃምሳ ብር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ይፈርሙልኝ ጋሼ።»

አልቀበልም አልኳት፤ ስለ ጨዋታው የሰጠሁት ነው፣ ይቅር አልኳት።

«ለሁሉም መልሼ ለእርስዎ ብተወው፣ ለጋዜጠኛ ከፈለች ይባላል። ዜና ይሆናል።»

ብሩን አነሣሁ። ከዚያ ያደረግሁትን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን መዝለል ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁና እነግራችኋለሁ። ቆጠርኩት። አምስት ባለ አሥር ብር ኖቶች ነበሩ፤ አንድ በአንድ፣ እሷ ፊት። ልማድ ነው።

«ልክ ነው?» አለች።

«ልክ ነው።»

«የበሉትን አልቀነስኩም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረም፤ ሒሳብ እንደሚያስረክብ ሰው ነበር የተናገረችው።

ፈረምኩ። ደብተሯን ዘግታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ትሰጠኝ ነበር፤ «ጋሼ» ማለቷንም አልተወችም። ባትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዜና ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሙክቱ ዋጋ ትክክል ነው፣ የጋኑ ቁጥር ትክክል ነው፣ የተጋባዡም ብዛት እኔን ጨምሮ ትክክል ነው። መሥሪያ ቤታችን በዘገባ ላይ ስሕተት ሲገኝ ማስተካከያ የሚያስነግርበት ደንብ አለው። በዚህ ዜና ላይ እስከ ዛሬ ማስተካከያ አልተነገረም። ምን ስሕተት ተገኝቶበት?