ጠበል የገባው ፓስዎርድ

የእኛ አገር ነጋዴ ለሚስቱ የማይነግረውን ምስጢር ለሂሳብ ሠራተኛው ያስረክባል! «ኧረ እኔስ...» እንዳትሉ። እስቲ የግብር ፓስዎርዳችሁን አሁኑኑ ንገሩኝ። አያችሁ? እሱ ጋ ነው ያለው!

ደንቡማ ግልጽ ነው። ግብርህን ሌላ ሰው ሞልቶ በኢንተርኔት ሊያስገባልህ ይችላል፤ ተጠያቂው ግን አንተው ነህ፤ ፓስዎርድህንም ለማንም አትስጥ። እኛም ቃሊቲ ላይ ለማንም አልሰጠንም። ለዘሪሁን ብቻ ነው የሰጠነው! የሰፈራችንን ሱቆች ሂሳብ የሚሠራው እሱ ነው፤ እንዳይምታታበት ብሎ ለሁላችንም አንድ ፓስዎርድ አወጣልን። ምን የመሰለ እኩልነት!

ዘንድሮ ጳጉሜ ላይ፣ የማስገቢያው ቀን ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ከቧንቧ ዕቃ ሱቄ ሆኜ ደወልኩለት። ዝግ። ሚስቱ ጋ ደወልኩ።

«ውይ፣ ጠበል ገብቷል እኮ! ስልክ አያስገቡም።»

«የኔን ግብር ልኮታል?»

«ሞልቼዋለሁ፣ መላክ ብቻ ነው የቀረኝ ሲል ሰምቻለሁ።»

መላክ ብቻ! ዛሬ ካልተላከ ክሊራንስ የለም፤ ያለ ክሊራንስ ፈቃድ አይታደስም፤ ፈቃድ ከሌለ ሱቄ ይታሸጋል። ልጆቼን ቧንቧ ላበላቸው ነው? ወይኔ ጉዴ!

ጎረቤቴን ነስሩን፣ ያንን ተጫዋች ስልጤ፣ ይዤ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ወዳለው ጠበል በባጃጅ በረርን። እሱም የዘሪሁን ደንበኛ ነው።

«ና እንግባ» አልኩት በሩ ላይ።

«ግብር ሃይማኖት አስቀየረው እንድባል ነው? እኔ ስልኩን ይዤ አጥሩ ጋ እቆማለሁ፤ አንተ ፓስዎርዱን ጩህልኝ!»

ለካ ውስጥ የሚገባው የሚጠመቅ ብቻ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል... ልብሴን አውልቄ ተሰለፍኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል! ዘሪሁን ከፊቴ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ፓስዎርዱን!»

«እንዴ ጋሼ፣ እዚህ?»

«እዚሁ!»

በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ሳልረሳው ወደ አጥሩ ዞሬ ጮህኩ፦ «ትልቁ ዜድ!»

«ይኸው ለፈለፈ!» አሉ አጥማቂው አባ፣ ባልዲውን ራሴ ላይ እየደፉ። «ተናገር! ስንት ሆናችሁ ገባችሁበት?»

«ዘጠኝ!»

ሌላ ባልዲ።

«አራት! ሰባት!»

«አልተሰማኝም፣ ድገመው!» አለ ነስሩ ከአጥሩ ማዶ። አባም ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው ነው መሰል፣ ባልዲውን ደገሙት! እናንተዬ፣ የሰፈሩን ነጋዴ ሁሉ ፓስዎርድ ጠበልተኛው በሙሉ ሰማው። ግን ማን ግድ አለው? እኔ የማስበው ስለ ሱቄ በር ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከማዶ «ሄደ! ያንተም የኔም ሄደ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከደስታ ብዛት ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ።

«ወጣለት!» አሉ አባ። ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው።

ደግፈው አነሱኝና በርኅራኄ አዩኝ። «በርታ ልጄ። እንዲህ ያለው ለጊዜው ወጣ ይልና ተመልሶ ይመጣል።»

«አውቃለሁ አባ» አልኩ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። «የኔው በየዓመቱ ነው የሚነሳብኝ።»