የማያንኮራፉት ባለቤቴ

በዚህ ዓለም ላይ የሚያንኮራፋ ሰው የለም። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ጎረቤት ጠይቄያለሁ፣ የሥራ ባልደረባ ጠይቄያለሁ፣ ዘመድ አዝማድ ጠይቄያለሁ፤ "አዎ፣ እኔ አንኮራፋለሁ" ያለኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። ማንኮራፋት የሚሰሙ ሰዎች እንደ አሸዋ ናቸው። የሚያንኮራፉት ግን ገና አልተወለዱም።

ገና ካልተወለዱት አንዱን አግብቼ አንዲት ልጅ ወልጃለሁ።

ክቡር ባለቤቴ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ሰው ማንኮራፋት ሲባል አንገተ ወፍራም፣ ቦርጫም ሰውዬ ነው የሚታየው። ክቡርነታቸው ግን ከነጫማቸው ቢመዘኑ ስድሳ ኪሎ አይሞሉም። ያ ሁሉ ድምፅ ቀን ቀን የት ተቀምጦ እንደሚውል ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፤ "እባክሽን" ሳይሉ ውሃ እንኳ አይጠይቁም። ይህ ሁሉ ጨዋነት ትራሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል።

የሚጀምሩት ሶፋ ላይ ነው። ራት በልተው ዜና ሊያዩ ይቀመጣሉ፤ ዜና አንባቢዋ ሰላምታ ሰጥታ ሳትጨርስ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ያርፋል። ልጃችን ቀስ ብላ ሄዳ ቴሌቪዥኑን ስታጠፋው ዓይናቸው ቦግ ይላል።

"ለምን አጠፋሽው? እያየሁ እኮ ነው!"

"አባዬ፣ ተኝተህ ነበር።"

"ማን? እኔ? ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው።"

"እሺ፣ ዜናው ስለ ምን ነበር?"

ክቡርነታቸው ሶፋው ላይ ቀና ይላሉ። "ያው ነው፤ ስለ ልማት።"

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ተሳስቶ አያውቅም።

ዋናው ግን መኝታ ቤት ነው። እኔ ጸሎት አበዛለሁ። አልጋው ጎን ተንበርክኬ ለታመሙት፣ መንገድ ላይ ላሉት፣ ሥራ ላጡት እያልኩ በየተራ እለምናለሁ። ከታመሙት ወደ መንገደኞቹ ሳልሻገር ከኋላዬ ይጀመራል። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ነው፤ ይኼስ ደግ ነው፣ ሰው ይለምደዋል። ቀጥሎ ቁምሳጥን በባዶ ወለል ላይ ይጎተታል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ጸጥታ ነው። "ተመስገን፣ ተገላገልኩ" ብዬ ዓይኔን ስከድን፣ ዳገት ላይ የቆመ የጭነት መኪና ማርሽ ይቀይራል።

በክርኔ ጎሸም አደርጋቸዋለሁ።

"እ? ምንድን ነው?"

"እያንኮራፋህ ነው።"

"እኔ? አልተኛሁም እኮ!"

"እኮ"ን በቅጡ ሳይጨርሱ ቁምሳጥኑ መጎተቱን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ልጃችን በስልኳ ቀዳቻቸው። በማግስቱ ቁርስ ላይ ስልኩን ፊታቸው አስቀምጣ ከፈተችው። ክቡርነታቸው በጥንቃቄ ለመስማት መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይሄ የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ነው" አሉ።

"አባዬ፣ ጎረቤታችን ፓምፕ የለውም!"

"እንግዲያው ሳይነግሩን ገዝተው ይሆናል።"

እናታቸው ሊጠይቁን መጥተው ሦስት ቀን ሰንብተው ነበር። ከአማት ፍርድ ባይጠበቅም ጨንቆኝ ስሞታዬን አቀረብኩ። "የኔ ልጅ?" አሉ ደረታቸውን ይዘው። "የኔ ልጅ እኮ ሲተኛ ትንፋሹ አይሰማም! ሕፃን ሳለ አለ ወይ የለም ብዬ በመስታወት ነበር የማየው።" የዚያን ዕለት ሳሎን አደሩ። ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ተነሡ።

"ምን ዓይነት ሰፈር ነው? ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ሲቆፍሩ አደሩ!"

"አዎ እማዬ፣ እኔም ሰምቻቸዋለሁ" አሉ ክቡርነታቸው፣ ዳቧቸውን እየቆረሱ።

መድኃኒት ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅሁት ከመጽሐፍ፣ ከመጽሔትና ዕቃ ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው፤ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አምናለሁ። ሰው በጀርባው ሲተኛ ማንኮራፋቱ ይብሳል የሚል አነበብኩ። የልብስ ስፌት ሰው ነኝና የሌሊት ልብሳቸው ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቼ፣ ክራቸው ያለቀ ሦስት የክር ማጠንጠኛዎች ከተትኩበት። ቆርቁሯቸው በጎናቸው ይተኛሉ ብዬ ነው። ክቡርነታቸው በጀርባቸው እንደተንጋለሉ አነጉት። ጠዋት እየተንጠራሩ፣ "ምን ዓይነት ተአምረኛ ልብስ ነው የሰፋሽልኝ? ወገቤን ሲያሸኝ አደረ! አንድ ትርፍ ድገሚኝ" አሉኝ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅሁ። የሰዓቱ ደወል በጥጡ ማለፍ አቅቶት አርፍጄ ተነሣሁ፤ ማንኮራፋቱ ግን ምንም ሳይቸገር አለፈ።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ያበቃው ሥራ ቦታዬ ነው።

እኔ ቆራጭ ነኝ። የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የሥራ ልብስ ነው የሚሰፋው። ቆራጭ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ አርባ ጊዜ ደራርቦ አንጥፎ፣ በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ላዩ ላይ አስቀምጦ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ አርባውን በአንድ ጊዜ እኛ መቀስ በምንለው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይቆርጣል። ሰፊ ቢሳሳት ተርትሮ ይደግመዋል። የተቆረጠ ጨርቅ ግን መልሶ አይበቅልም። ለዚህ ጠረጴዛ የበቃሁት አሥራ አንድ ዓመት የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል ኖሬ፣ ሌሎች ምሳ ሲበሉ የቆራጩን እጅ እያየሁ ተምሬ ነው። ፈጣሪን ከማመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ ያ ጠረጴዛ ነው።

እጅጌ ሲቆረጥ ካርቶኑ አንዴ ከተሰመረ በኋላ ይገለበጣል፤ አንዱ የቀኝ ሌላው የግራ እንዲሆን። የዚያን ዕለት ሳልገለብጠው ሁለቴ አሰመርኩት። ቆሜ፣ ዓይኔ ክፍት እንደሆነ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ለአርባ የነርስ ጋዋን ሰማንያ እጅጌ ቆረጥኩ፤ ሰማንያውም የቀኝ።

ከስፌት መኪናዎቹ በኩል አንዷ፣ "እህቴ፣ ያዘዙት ነርሶች ግራ እጅ የላቸውም እንዴ?" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እንዳላለቅስ።

እትዬ የምንላት የቤቱ ባለቤት ግን አልሳቀችም። ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋች።

"ዓይንሽን በመስታወት አይተሽዋል?"

"እንቅልፍ አጥቼ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ እንቅልፍ ልሰጥሽ አልችልም። ለሁለት ሳምንት የሚቆይ ትልቅ ትዕዛዝ መጥቷል። አንድ ጨርቅ ካበላሸሽ መቀሱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አንቺ ወደ ቁልፍ ትመለሻለሽ። አዝናለሁ፤ ግን እንደዚያ ነው የማደርገው።"

ማታ ክቡርነታቸው ዕቃ ሲያጥቡ አጠገባቸው ቆሜ ነገርኳቸው።

"መቀሴን ልታስነጥቀኝ ነው።"

"ማን? እኔ?"

"አንተ።"

"እኔ እኮ አላን..." ብለው ጀመሩና ቀና ብለው ፊቴን አዩ። ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠቡት።

ፍራሽ ጎትቼ ሳሎን ገባሁ። "ሰው ምን ይላል? ባሏን ፈታች ይሉሻል!" አሉ። "የሚሉትን ይበሉ፤ ብቻ ከተኛሁ በኋላ ይሁን" አልኩ። ያን ሌሊትም ማንኮራፋቱ ግድግዳውን አልፎ መጣ። ተስፋ ቆርጬ በማግስቱ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ጸሎቴን ጀመርኩ፤ ለታመሙት፣ መንገድ ላይ ላሉት፣ ሥራ ላጡት። ጨረስኩ። ከኋላዬ ምንም የለም። ጋደም አልኩ፤ ዝም። ነቃሁ፤ ነግቷል።

በሁለተኛውም ሌሊት ዝም። በሦስተኛውም ዝም።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለጸሎት የምንሰበሰብ እህቶች አሉን። ቆሜ መሰከርኩ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመንኩት አምላክ የባለቤቴን አፍንጫ ጸጥ አሰኘው!" አልኩ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ከስብሰባው በኋላ ሴቶቹ ከበቡኝ፤ የሚሉኝ ሁሉ "የኔንም ባል ስም ያዢልኝ" ነው። በአንድ ቀን ሰባት ባሎች ለጸሎት ተመዘገቡ። ሰባቱም፣ ቢጠየቁ፣ አያንኮራፉም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ትዕዛዙን ጨረስኩ። እትዬ የመጨረሻውን ክምር በእጇ ገለጥ ገለጥ አደረገች፤ ቀኙን ከግራው አስተያየች። "መቀሱ ያንቺ ነው" ብላ ሄደች። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሾፌር መንገድ ላይ ያገኘኝ።

"ጋሼን አሟቸዋል እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ ደህና ነው። ምነው?"

"በምሳ ሰዓት የጎማ ክምር ላይ ይተኛሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ማሽን የተበላሸ መስሎን መካኒክ ጠርተናል!" ሳቁን ሊለቀው ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። "ሰሞኑን ግን ከምሳ በኋላም መንቃት አቃታቸው። ትናንት ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ አያቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥቷቸዋል። አልነገሩሽም?"

አልነገረኝም።

ቤት ስደርስ ልጄን ይዤ አፋጠጥኳት። ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"አባዬ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነው፣ እማዬ። አንቺ እስክትተኚ ጋደም ይልና ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ አገኘሁት። እንዳያንቀላፋ ብሎ ምስር ይለቅማል። ሊነጋ ሲል ተመልሶ አጠገብሽ ጋደም ይላል።"

ወጥ ቤት ገባሁ። ያለን ምስር ሁሉ ተለቅሟል። ሩዙም ተለቅሟል። በቆሎው ሳይቀር ተለቅሟል፤ በቆሎ ምን እንደሚለቀምለት እንጃ።

ባሌ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ዓይኑ ሥር እንዴት እንደጠቆረ ያየሁት ገና ያኔ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ስተኛ ሰነበትኩ፤ እሱን ግን አላየሁትም።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። "ብነግርሽ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር?"

በሩን ከኋላው ዘጋሁት።

"ደብዳቤውስ?"

"ተራ ወረቀት ነው።" ጆሮው ግን ቀላ። "ደግሞ አንኮራፋለሁ አላልኩም። አንቺ የማንኮራፋ ይመስልሽ ስለነበር ነው እንጂ..."

ያን ማታ ቀድሞ እንዲተኛ አደረግሁት። ሳሎን ተቀምጬ መጽሐፍ ገለጥኩ፤ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ቁምሳጥኑ ሲጎተት፣ የጭነት መኪናው ማርሽ ሲቀይር፣ ዳገቱን ሲወጣ ሰማሁ። ለእህቶቼ የሰጠሁትን ምስክርነት ላርም ወይ ብዬ አሰብኩ። ተአምሩ የተደረገው አፍንጫው ላይ አልነበረም እንጂ፣ ተአምርስ ተደርጎልኛል። ተውኩት።

እኔ መቀሴን ማስቀረቴ ብቻ አይበቃም፤ አሁን ደግሞ የእሱ እንጀራ አደጋ ላይ ነው። ሰኞ ሁለታችንም ከሥራ አስፈቅደን ጤና ጣቢያ ሄድን። አግዳሚ ወንበሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሳል አለ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አለ፣ ቆሞ የሚጠብቅ አለ። ነርሷ መዝገቧን ይዛ እየተዘዋወረች እኛ ጋ ደረሰች።

"እናንተስ? ምንድን ነው ችግሩ?"

ባሌ ወለሉን አየ። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ይህን ቃል ከአፉ ከሚያወጣ መጋዘኑን ተሸክሞ ቢሄድ ይመርጣል። አንጀቴን በላኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። "አንኮራፋለሁ።"

ነርሷ መጻፍ ጀመረች። ባሌ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"እህቴ፣ ሰርዢው" አላት። "እሷ አታንኮራፋም። እኔ ነኝ።"

ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሕፃኑ እንኳ ወደ እኛ የዞረ መሰለኝ።

"ስንት ጊዜዎ ነው?" አለች ነርሷ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት።" ይህን ብሎ ተቀመጠ፣ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለ፣ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ያን ያህል አይደለም።"

ነርሷ ብዕሯን አንሥታ ወደ እኔ ዞረች። "እውነት ነው?"

"እውነቱን ነው" አልኳት። "ያን ያህል አይደለም።"