የአቶ እሱባለው ጆሮ

በየከተማው ማንም ያልሰማውን የሚሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። ሳሎኑ ተቀምጦ የጎረቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይሰማል፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ድምፅ ማጉያው ውስጥ የላላችውን ሽቦ ይሰማል፤ ሚስቱ ስታወራው ግን አይሰማም። ንፋስ መውጫ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት አቶ እሱባለው ናቸው። አንቱ የምንላቸው ለዕድሜያቸው አይደለም፤ ለጆሯቸው ነው። ባለቤታቸው ዓለምጸሐይ ደግሞ ሲብስባት "ሊቀ ጆሮ" ትላቸዋለች፤ ሹመቱን የሰጠቻቸውም እሷው ናት።

መከራው የጀመረው በመኪና ነው። አቶ እሱባለው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ ለዓመታት የነዱት በሩ በገመድ የሚታሰር አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበር። ያ ፒክአፕ ሲነሳ የሰፈሩ ዶሮ ይበረግጋል፤ ውስጡ የተቀመጡ ባልና ሚስት ለመነጋገር መጮህ ነበረባቸው። ዓለምጸሐይ እንደምትለው ትዳራቸው ሰላም የነበረው ያኔ ነው። የነዳጅ ሰልፉ ሲመርራቸው ፒክአፑን ሸጡና አዲስ አበባ ሄደው ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው መጡ። ከተማው ለማየት ወጣ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ድምፅ የሚባል የላትም! ስሙ እስቲ፣ ምንም!" እያሉ አስፋልቱን ተመላለሱበት።

ምንም ያልተሰማው ለጥቂት ቀን ነው። አንድ ማለዳ ከዳሽቦርዱ ጥግ "ጭር" የሚል ድምፅ መጣ።

በፒክአፑ ጊዜ "ጭር" ቀርቶ በሬ ቢያገሳ የሚሰማ አልነበረም። ሞተር የማይጮህበት መኪና ውስጥ ግን "ጭር" ደወል ነው። አቶ እሱባለው ፍሬን ያዙ።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ሰማሽ እንጂ! ዝም በይ፣ ዝም በይና ስሚ።"

ዓለምጸሐይ ዝም ብላ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ "ሰማሽ?" ከእንደምን አደርሽ ቀድሞ የሚመጣ ቃል ሆነ።

መጀመሪያ መካኒኩ ንጋቱ ዘንድ ሄዱ። ንጋቱ በናፍጣ ያደገ ሰው ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየና "ጋሼ፣ እኔ የሚጮኸውን ነው የማውቀው፤ ዝም ያለ ነገር ምን ብዬ ልጠግን?" አላቸው። አቶ እሱባለው ተናደው ራሳቸው ገቡበት። ከፍራሽ ነጋዴ ስፖንጅ ገዝተው ዳሽቦርዱ ስንጥቅ ሁሉ ውስጥ ጠቀጠቁ። የወንበር ቀበቶውን ማያያዣ በፕላስተር ጠቀለሉት። የቻርጅ ገመዱን በብርድ ልብስ አስተኙት፤ ያ ብርድ ልብስ የዓለምጸሐይ ነው፣ ገና አልቅሳ አልጨረሰችለትም። መኪናዋ ውስጧ በስፖንጅ ተሞልቶ የቆሰለ ሰው መሰለች። "ጭር" ጠፋ። በማግስቱ ከኋላ "ጥክ" መጣ።

ቀጥለው ቴሌግራም ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች የሚገናኙበት ግሩፕ ገቡ። ስልካቸውን ወንበር ሥር ደብቀው እየነዱ ድምፁን ይቀዱና ይልኩታል፤ ሥሩም "ወንድሞቼ፣ በጥሞና አዳምጡልኝ" ይላሉ። ከአዳማ አንዱ "የጎማ ነው" አለ። ከሐዋሳ ሌላው "የበር ላስቲክ ነው" አለ። ሦስተኛው ግን "ጋሼ፣ ይሄ ዶሮ ነው" ብሎ ጻፈ። እውነትም ዶሮ ነበር፤ ዓለምጸሐይ ለዓመት በዓል ገዝታ ከኋላ ያስቀመጠቻት። አቶ እሱባለው ከግሩፑ ወጡ፤ የማያዳምጡ ሰዎች ናቸው ብለው።

ከሁሉ የከፋው የተሳፋሪው ዕጣ ነው። ልብ አድርጉ፣ ሰውየው ንፉግ አይደሉም። መንገድ ላይ ያዩትን ያሳፍራሉ፤ ካሳፈሩ በኋላ ግን ይፈትሻሉ። ቁልፍ ያለው ቁልፉን በመሐረብ ይጠቅልል፤ አምባር ያላት ታውልቅ፤ ቆሎ የያዘ እስኪወርድ አይቆርጥም። አንድ ገበሬ ገብሱን አስጭኖ ወደ ገበያ ሲሄድ ጉንፋን ይዞት ቢያስነጥስ፣ አቶ እሱባለው ዞር ብለው "አባቴ፣ ይማርዎ፤ ግን እባክዎ ከዳገቱ በኋላ ያስነጥሱ፤ አሁን አንድ ነገር እየተከታተልኩ ነው" አሉት። ሰውየው ቀሪውን መንገድ በእግሩ ጨረሰው ይባላል።

መሪጌታ ኪዳን ላይ የደረሰው ግን ከተማውን ያሳቀ ነው። መሪጌታ ለንግሥ ሲሄዱ አሳፈሯቸው። መኪናዋ ገና ከመነሳቷ "ሽል፣ ሽል" አለች። አቶ እሱባለው ደማቸው ፈላ። አቁመው ዳሽቦርዱን ፈቱ፣ ስፖንጁን አውጥተው መለሱ፣ ወንበሩን ነቀሉ። መሪጌታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ሲደግሙ ቆዩና በመጨረሻ "ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሏቸው።

"ሽል የሚል ነገር አለ፣ መሪጌታ።"

"እሱማ ጸናጽሌ ነው" አሉ ከረጢታቸውን ብድግ አድርገው። "ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።"

አቶ እሱባለው አላፈሩም። ይህ ዓይነት ሰው አያፍርም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከመኪናዬ ጋር አይስማማም፤ በነጠላ ይጠቅልሉልኝ" አሏቸው።

እንግዲህ በጥር የዓለምጸሐይ እህት የአዛለች ልጅ ሀይማኖት ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ተስፋሁን የታች ጋይንት ልጅ ነው፤ የግብርና ባለሙያ፣ ጨዋ፣ ትንሽ አባቱን የሚፈራ። ሙሽሮቹ የሚሄዱበት መኪና ሲፈለግ ከተማው ውስጥ የሚያምረው የአቶ እሱባለው ሆነ። ዓለምጸሐይ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ሌላ ይፈለግ ብላ ለመነች፤ የሚሰማት አላገኘችም። በመጨረሻ "እንዳያዋርደን ፊት ወንበር እኔ እቀመጣለሁ" አለች። በሰርጉ ዕለት ጠዋትም ባሏን ወደ ጓሮ ጠርታ አስማለቻቸው።

"ዛሬ አንድም ድምፅ አትሰማም።"

"የሌለ አልሰማም።"

"ያለም አትሰማም!"

ሰርገኛው ወጣ። ከፊት ነጯ መኪና፣ ከኋላ ሚኒባሶችና ሽማግሌዎቹን የጫነ አይሱዙ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር አቧራው ተነሳ፤ ጥሩምባው፣ ጭብጨባው፣ ዘፈኑ ቀለጠ። ተስፋሁን በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ከኋላ ካሉት ሚዜዎቹ ጋር ይጨፍራል። ዓለምጸሐይ እያጨበጨበች በአንድ ዓይኗ ባሏን ትጠብቃለች። ቁልቁለቱ መሐል የአቶ እሱባለው አንገት ዘመም አለ። እሷ ያንን አንገት ታውቀዋለች።

"በእናትህ" አለች።

"ከኋላ ነው። ከግራ።"

"በእናትህ እሱባለው፣ ዛሬ ብቻ!"

"ጎማ አይደለም። ላስቲክም አይደለም። አየር የሚስብ ነገር ነው፤ ይስብና ያፍነዋል፣ ይስብና ያፍነዋል..."

መኪናዋ ቆመች። ከኋላ ያለው ሁሉ እየተገፋፋ ቆመ፤ ጥሩምባው ወደ ስድብ ተለወጠ። ዓለምጸሐይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይህን ሰው ፈትታ እናቷ ቤት ስትገባ ታያት፤ ዕቃዋን ሳይቀር በሐሳቧ ሸከፈች። ተስፋሁን ወርዶ ጭፈራውን ከሚዜዎቹ ጋር መንገዱ ላይ ቀጠለ። አቶ እሱባለው ደግሞ በሙሉ ሱፍ ልብሳቸው አቧራው ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ከግራ ጎማው ላይ ደገኑ፤ ከዚያ ከበሩ ላይ። ከዚያ በሩን ከፈቱት።

ሀይማኖት ቬሎዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ተቀምጣለች።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አሉ አቶ እሱባለው። ዓለምጸሐይ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም።

"ይቅርታ ጋሼ። ሰርጉን እንዳላበላሽ ብዬ..."

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"ምንም የሚባል ነገር ድምፅ የለውም" አሉ። "ንገሪኝ።"

ነገረቻቸው። ደብረ ታቦር አዋላጅ ነርስነት ትማራለች፤ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ሽምግልናው ሲያልቅ ትጨርሳለች ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የሙሽራው አባት አቶ ካሳ ሲመርቁ፣ በእልልታው መሐል፣ "ከእንግዲህ ደብተሩ ይቅርና ቤቷን ታሙቅ" አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ተስፋሁንም አሜን አለ።

የዓለምጸሐይ ነጠላ ከፊቷ ላይ ወረደ። እሷም አሜን ካሉት አንዷ ነበረች፤ ምን እንደተባለ ሳትሰማ።

አቶ ካሳ ከአይሱዙው ወርደው ከዘራቸውን እየወዘወዙ ደረሱ። "ምን ሆነ? ቻርጅ አለቀ?"

"ቻርጁ ሙሉ ነው።"

"ታዲያ ንዳ እንጂ! ድግሱ እኮ እየጠበቀ ነው!"

"ድምፅ አለ፣ አቶ ካሳ። ምንጩን አግኝቼዋለሁ፤ መፍቻው ግን በእርስዎ እጅ ነው።" ከዚያም፣ ጠዋት የተባለውን ቃል በቃል አስታወሷቸው።

አቶ ካሳ ሳቁ። "ለዚህ ነው? ሙሽራ ሁሉ ያለቅሳል!"

"የሙሽራ ለቅሶ አውቃለሁ" አሉ አቶ እሱባለው። "እሱ ሰው እንዲሰማው ነው የሚለቀሰው። ይሄኛው እንዳይሰማ ነው። ይሄ ካልተስተካከለ መኪናዬ አትሄድም።"

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። አንዱ እብድ ነው አለ፤ ሌላው ሰርግ አስቆሞ መደራደር ነውር ነው አለ፤ ሚዜዎቹ ቁልፉን እንንጠቀው አሉ። አቶ እሱባለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው በሩ ላይ ተደግፈው ቆሙ። በሌላ ቀን ቢሆን ዓለምጸሐይ ቁልፉን ራሷ ነጥቃ በሰጠች። አሁን ግን ወርዳ ከባሏ ጎን ቆመችና ወደ ሙሽራው ዞረች።

"ተስፋሁን፣ ጠዋት አባትህ ያሉትን ሰምተሃል?"

ተስፋሁን ጫማውን አየ። "ሰምቻለሁ፣ እትዬ። በሰርጌ ቀን አባቴን ምን ልበለው ብዬ..."

"አሁን በለው።"

ላቡን ጠረገ። ሀይማኖትን አየ፤ እሷም አየችው። "አባባ" አለ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ጮክ ብሎ፣ "ትምህርቷን ትጨርሳለች። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ራሴ አደርሳታለሁ።"

አቶ ካሳ ልጃቸውን አፍጥጠው አዩት። ዙሪያውን ሲያዩ ዘመድ ሁሉ አፋቸውን ይጠብቃል፤ ከአይሱዙው ጎን መሪጌታ ኪዳንም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ትጨርስ!" አሉ በመጨረሻ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው። "ትጨርስ አልኩ! ለዚህ ነው ሁላችንንም ፀሐይ ላይ የሚያቆመን?"

"ሰምቻለሁ፤ ምስክር ነኝ" አሉ መሪጌታ። እልልታው ቀለጠ።

አቶ እሱባለው መሪው ላይ ተመለሱ። ለዚህች ሰዓት የሚመጥን አንድ ቃል ይናገሩ ይሆናል ብላ ዓለምጸሐይ ጠበቀች። ትንሽ እንደሄዱ አንገታቸው ዘመም አለና "ይቺ የፊት መሳቢያ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት?" አሉ። ሰው አይለወጥም።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ ሰው ሁሉ እየተጠቋቆመ ሳቀባቸው። አንዲት የሙሽራው ዘመድ ወደ ዓለምጸሐይ ጠጋ ብላ፣ "እህቴ፣ አይክፋሽና ባለቤትሽ ጤነኛ ናቸው?" አለቻት። ዓለምጸሐይ ሴትዮዋ የምትለውን ሁሉ፣ ከዚያም የባሰውን፣ በየቀኑ ስትል ኖራለች። ዛሬ ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ አቃጠላት።

"ከኔ በቀር ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም" አለቻትና ተነሳች።

አቶ እሱባለው ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው የድምፅ ማጉያውን እያዩ ቅንድባቸውን ቋጥረዋል። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ደረሰችባቸው። ከዶሮው እንቁላሉን ጨምራ፣ ሰው ሁሉ እያያት ትልቅ አድርጋ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ጉንጫቸው ተወጠረ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ መናገርም መቃወምም አልቻሉም። ዓለምጸሐይ አጠገባቸው ተቀመጠችና እስኪውጡ ድረስ ትከሻቸው ላይ ተደገፈች።