በቃለ ጉባኤ የጠፋ ሕመም

ሕመምን በቃለ ጉባኤ ድል የነሳ ሆስፒታል በደብረ ታቦር ደጋ መኖሩን ያልሰማ ካለ፣ እሱ ጆሮውን ይታከም።

ነገሩን የጫረችው ሰመመን ሰጪዋ ሲስተር ፈንታነሽ ናት። ለቀዶ ጥገና የሚያስተኛው ነጭ መድኃኒት በደም ሥር ሲገባ ክንድ ያቃጥላል፤ ጥቂት ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ ከቀደመው ግን ቃጠሎው ይበርዳል። ከጋሳይ ገጠር የመጣ ገበሬ ሁሉ ጥርሱን ሲነክስ ባየች ቁጥር አንጀቷን እየበላት፣ «ሊዶኬይን ይፈቀድልኝ» ብላ ጻፈች። ደፋር!

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙላቴ እንኳን መድኃኒት ሊፈቅዱ፣ ውኃም ያለ ጥናት የማይጠጡ ሰው ናቸው። የሕመም ቅነሳ ዐቢይ ኮሚቴ አቋቁመው፣ መዝገብ ታቅፈው ራሳቸው ወደ ሕሙማኑ ወረዱ።

«እማማ የሺ፣ ትናንት መርፌው ሲገባ አመመዎት?»

«ውይ ልጄ! ክንዴን በእሳት ነው የለበለበኝ!»

«አሁንስ እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን።»

«ይመዝገብ፦ ሕመም የለም።»

ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሐምዛም «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እሱም እዚያው ዓምድ ገባ። ኮሚቴው በሃይማኖት አያዳላም።

«ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ምስጋና ነው! እዚህ አገር ሰው እግሩ ቢቆረጥም ተመስገን ነው የሚለው» አለች ፈንታነሽ።

«ሲስተር፣ መረጃ በስሜት አይሻርም።»

መቶ ሕሙማን ተጠየቁ፤ መቶውም አመሰገኑ። ሕመም፣ ዜሮ። ስለዚህ ሊዶኬይን ከቁስል ስፌት በቀር እንዳይነካ ታዘዘ። አቶ ሙላቴም በስብሰባው ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን መድኃኒቱን ደብቀን በሽታውን አጠፋን!» አሉ። ተጨበጨበ።

በሳምንቱ የአቶ ሙላቴ ትርፍ አንጀት ያለ ስብሰባ ተነሣባቸው። የቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ ተጋድመው «እናቴ ድረሽ!» ሲሉ፣ ፈንታነሽም ሰው ናትና፣ «እስቲ ይቅመሱት» የሚል ክፉ ሐሳብ ሽው አለባት። ግን አላስቻላትም። ከስፌቱ መደርደሪያ አንዲት ብልቃጥ አምጥታ ሊዶኬይኑን አስቀደመችላቸው። እሳቸውም እንደ ሕፃን አንቀላፉ።

በማግሥቱ አስጠሯት። ገብቷቸው ይሆናል ብላ እየሮጠች መጣች።

«ሲስተር፣ መርፌውን ራሴ ቀመስኩት። ታዲያ የቱ ላይ ነው የሚያቃጥለው?»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሊዶኬይን ቀድሜ ሰጥቼዎት ነው!»

«ቀድመሽ? ላላመመው ሰው?»

ወዲያው «ሕመም ለሌለበት ታካሚ የሕመም መድኃኒት በማባከን» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፈረሙባት። የፈረሙትም መርፌው በገባበት እጅ ነው፤ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።