ምክር የሚሰማ ፊልም

ቪዲዮ ቤት ያለው ከተማ ሁሉ ከፊልም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው አለው። የሚጠራጠር ካለ ከአምበር እስከ ይጁቤ፣ ከይጁቤ እስከ አማኑኤል ዞሮ ይጠይቅ። የቴሌቪዥኑ ስፋት ይለያያል፤ አግዳሚ ወንበሩ አንዱ ጋ ይንጋደዳል፣ ሌላው ጋ ሚስማሩ ይወጋል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። ከፊት ይቀመጣል። ተዋናዩ ያላየውን ጠላት ቀድሞ ያይና "ኧረ ከኋላህ!" ብሎ ይጮኻል። ተዋናዩ አይሰማም። ሰውየውም ተስፋ አይቆርጥም።

የደብረ ማርቆሱ ሰው ክቡር አለቃ ወልደ ሩፋኤል ይባሉ ነበር። ማዕረጉን የሰጣቸው ቤተ ክህነት እንዳይመስላችሁ፤ የሥራነሽ ቪዲዮ ቤት ደንበኞች ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ኋላ አስኳላ ቀመሱና ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ተቀጠሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲካሰስ እሳቸው አፋቸውን ዘግተው ፋይል አቀበሉ። ጡረታ በወጡ ማግስት ያ ሁሉ የተጠራቀመ ምክር መፍሰሻ ሲፈልግ ሥራነሽ ደጅ ደረሰ።

ዘመኑ ካሴቱ ቦታውን ለዲቪዲ እየለቀቀ የነበረበት የ1990ዎቹ መገባደጃ ነው። ሥራነሽ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከሷ በቀር ማንም ነክቶት የማያውቀውን ሪሞት መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ስምንት ዓመት ታዘበቻቸው። እሷ ራሷ ስለ ፊልም አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ነጋዴ በዕቃው አይደነቅም፣ ትላለች።

አንድ ጊዜ በሕንድ ፊልም እናትና ልጅ ሳይተዋወቁ ገበያ መሀል ሊተላለፉ ሆነ። አለቃ ከመቀመጫቸው ዘለው "አንተ ልጅ፣ እናትህ ናት! ዞር በል!" እያሉ የቴሌቪዥኑን መስተዋት በከዘራቸው ቆረቆሩት። ምስሉ ድርግም አለ። ልጁ እናቱን ያግኝ አያግኝ ሳይታወቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከዘራ በር ላይ እንዲቀር ሥራነሽ ደነገገች፤ ድንጋጌው የሚመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው የበር ነገር ነው። በአስፈሪ ፊልም ውስጥ አንዲት ልጅ ወደተዘጋ በር ከቀረበች አለቃ አያስቀምጣቸውም። "አትክፈቺ!" ይላሉ መጀመሪያ በአማርኛ። እጇን ስትዘረጋ፣ ፈረንጅ መሆኗ ትዝ ይላቸውና "ኖ ኦፕን!" ይላሉ። መያዣውን ስትጨብጥ ወደ መጨረሻው ይግባኝ ያልፋሉ፤ በግዕዝ "ኢታርኅዊ!" ብለው ያምባርቃሉ። ትከፍታለች፤ ትሞታለች። አለቃም እየተቀመጡ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ያቀርራል።

"አለቃ፣ ይህንን ፊልም እኮ ባለፈው ሳምንት አይተነዋል። ከፍታ ሞታለች" ቢላቸው አንዱ፣

"ባለፈው ሳምንት ስላልሰማች ዛሬም አትሰማም ማለት ነው?" አሉት።

ተዋናዩ ጥሩ ከሠራ ደግሞ "ይበል!" ብለው ይጮኻሉ። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረው ቅኔ ሲሰምርለት መምህሩም ጉባኤውም የሚለው ቃል ነው። አለቃ አፍ ላይ "ይበል" ርካሽ አይደለም፤ ካራቲስት ሁሉ አያገኘውም።

ይህንን ያልወደደው ይስማው የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ቀን "አለቃ፣ እባክዎ እንስማበት!" ቢላቸው፣ "ስምህ ይስማው ነው፤ ማን ከለከለህ?" ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት። ይስማው አልሳቀም። አሥራ አራት ሰው አስፈርሞ ለሥራነሽ ወረቀት ሰጣት፦ ወይ እሳቸው፣ ወይ እኛ። መናኸሪያው አጠገብ ስድሳ ወንበርና ሰፊ ቴሌቪዥን ያለው አዲስ ቤት ተከፍቷል። እነዚህ አሥራ አራቱ ወደዚያ ከተሻገሩ ሥራነሽ በሯን እንደምትዘጋ እሷም እነሱም ያውቃሉ።

"አንድ ወር ስጡኝ። በመልካም ቃል እነግራቸዋለሁ" አለች።

መልካም ቃሉ ግን ከየት ይምጣ? ቤቷ የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያው ገቢ እሳቸው ነበሩ፤ ብቻቸውን ተቀምጠው አንድ ሙሉ ፊልም ሲመክሩ ሰው ጩኸት ሰምቶ ነው የተሰበሰበው። ቸገራትና ከአዳማ ተመድቦ የመጣውን የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ መምህር ሙሉብርሃንን አማከረችው።

"መድኃኒት አለኝ" አላት። "ምክራቸውን ቤታቸው ሆነው የሚጨርሱበት መጽሐፍ ልስጣቸው።"

መጽሐፉ ባለታሪኩን የሚመራው አንባቢው የሆነበት ዓይነት ነው። ዋሻ አፍ ላይ ታደርሰዋለህ፤ "ከገባህ ወደ ገጽ አርባ፣ ከተመለስክ ወደ ገጽ አሥራ ሰባት ሂድ" ይልሃል። አለቃ እንግሊዝኛቸው በመዝገበ ቃላት እየተደገፈ የሚሄድ ቢሆንም ይሄዳል። መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ወስደው፣ በሁለት ሳምንታቸው ፊታቸው ቀልቶ ተመለሱ።

"መምህር፣ ይህንን መጽሐፍ የጠረዘውን ሰው እግዜር ይይለት! ሰውየው ገጽ ስምንት ላይ ገደል ገብቶ ሞተ። ገጽ ዘጠኝ ላይ በጀልባ ይሄዳል። አሥር ላይ ዘንዶ ዋጠው፤ አሥራ አንድ ላይ ራቱን ይበላል!"

"ከመጀመሪያው ገጽ ቀጥ ብለው አነበቡት እንዴ?"

"ታዲያስ! ዳዊት የደገመ ሰው ገጽ ይዘላል?"

ነጠላውን ሲፈቱት መጽሐፉ ወፍሯል። አለቃ ስፌቱን ተርትረው፣ ቅጠል በቅጠል አስተካክለው፣ እንደገና በሲባጎ ጠርዘውታል። "ሞቱን ሁሉ ወደ መጨረሻ ሰብስቤዋለሁ" አሉ ኮራ ብለው። "ሰው ኖሮ ኖሮ ነው የሚሞተው።"

ሙሉብርሃን ሆዱን ይዞ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ አስረዳቸው። የተዘበራረቀ አይደለም፤ መንገዱ ብዙ ነው፤ በየመስቀለኛው የሚመርጠው አንባቢው ነው።

"ማን ይመርጣል?"

"እርስዎ።"

"እኔ?" አሉ አለቃ። መጽሐፉን ዝቅ አድርገው አስቀመጡትና እንደገና ገለጡት። "አንዱ ቃል ሁለት መንገድ ይዞ፣ የሚሰማው ሰው ጆሮ ወደ ሰሙም ወደ ወርቁም ሲወስደው... ኅብር እኮ ነው! መምህር፣ ፈረንጅ ይህንን ከየት አገኘው?"

ሥራነሽ ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ስታልፍ አምስቱንም ጣታቸውን በአምስት ገጽ መሀል ከትተው ሲያነቡ ታያቸው ነበር። ባለታሪኩ ሲሞትባቸው ወደ ጣታቸው ይመለሳሉ። "ጣት አለቀብኝ እኮ፣ ሥራነሽ!" ይሏታል።

መድኃኒቱ ግን በሽታውን አባሰው። አሁን ቪዲዮ ቤት ውስጥ "አትክፈቺ!" ብቻ አይሉም፤ "ብትከፍቺ ገጽ አርባ፣ ባትከፍቺ ገጽ አሥራ ሰባት!" ተጨመረበት። ይስማው በጣቱ የቀረውን ቀን ለሥራነሽ ያሳያታል። አራት። ሦስት።

ሙሉብርሃን ከአዲስ አበባ አንድ ዲቪዲ ይዞ የመጣው ይኼኔ ነው። "የዚያ መጽሐፍ ታናሽ ወንድም ነው" አለ። ፊልሙ መሀል ላይ ይቆምና ከግርጌው ሁለት ቃል ያወጣል፤ በሪሞቱ የመረጥከው መንገድ ይሄዳል። ሥራነሽ ቆረጠች። ቅዳሜ ይህንን ታሳያቸዋለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ይሰሙ፤ ሲወጡ በር ላይ ትነግራቸዋለች። ሌሊቱን ሙሉ የምትላቸውን ስትፈልግ አደረች።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቤቱ ጢም አለ። ፊልሙ አባቷ የጠፋባት ልጅ ታሪክ ነው። ትልቅ ባዶ ቤት ገባች፤ ደረጃ ወጣች፤ ከአንድ በር ወዲያ የሆነ ነገር ተንኳኳ። አለቃ "አትክ..." እንዳሉ ልጅቱ እጇን ዘርግታ ቆመች። ምስሉ ግን አልደረቀም። ትተነፍሳለች። ፀጉሯ ይነቃነቃል። አንዴ በሩን፣ አንዴ ወደ ሕዝቡ ታያለች። ከግርጌዋ ሁለት ቃል ወጣ።

"የግራው 'ክፈቺ' ነው፤ የቀኙ 'ተመለሺ'" አለ ሙሉብርሃን።

ሥራነሽ ሪሞቱን ከመቀነቷ አውጥታ በሁለት እጇ ለአለቃ ሰጠቻቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ አየ። "ይኸው አለቃ፣ ስምንት ዓመት የለመኑት!" አለ ይስማው።

አለቃ ተነሡ። ወንጌል እንደሚነበብበት ሰዓት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔን ነው የምትጠብቀው?"

"እርስዎን ነው።"

  ሥራነሽ ፊልም ማየት ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደነቀች። ከመስተዋቱ ወዲያ ያለች ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሽማግሌ እስኪናገር ቆማ ትጠብቃለች! እንዲህ ያለ ነገር በዓይኗ ይታያል ብላ አስባ አታውቅም። ይስማው እንኳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

"ልጄ" አሉ አለቃ፣ ዛሬ ሳይጮኹ። "ከበሩ ወዲያ ያለው አባትሽ ቢሆንስ?" ወደ ሥራነሽ ዞሩ። "ሳትሰማኝ መምከር ቀላል ነበር። ብትሰማኝ ጊዜ ፈራሁ።"

ሪሞቱን መለሱላት። እሷ ለሙሉብርሃን ሰጠችው፤ ሙሉብርሃን ለይስማው አቀበለው፤ ይስማው "እኔ? ኧረ በማርያም!" ብሎ ወደ ኋላ ወንበር አሳለፈው። ቤቱን ዞሮ ዞሮ ማንም ሳይጫነው ሥራነሽ እጅ ተመልሶ ገባ። ልጅቱ ትተነፍሳለች። ሥራነሽ አውራ ጣቷን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ስትል መብራት ጠፋ።

በሩ ተከፍቶ የቀኑ ብርሃን ሲገባ ማንም ገንዘቤን መልሱ አላለም። ከቅዳሴ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብለው ወጡ። ሥራነሽ ለአለቃ ያዘጋጀችውን ቃል አጣችው።

ከዚያ ወዲያ አለቃ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ተዋናይ በጀርባው ሲወጋ ዝም። እናትና ልጅ ሲተላለፉ ዝም። ለሁለት ሳምንት ፊልም ሁሉ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነ። ክፉው ማን እንደሆነ፣ መቼ መፍራት እንደሚገባ የሚነግር ሰው ጠፋ፤ ከአሥራ አራቱ ፈራሚዎች ስድስቱ መምጣት ተዉ። ይስማው አንድ ቀን በሩ ላይ ጨርቁን እንደታቀፈ ቆመ።

"እትዬ ሥራነሽ፣ አለቃን ምን አልሻቸው?"

"ምንም አላልኳቸው። አልሆንልኝ ብሎ ሳልነግራቸው ቀረሁ።"

"እንግዲያ ለምን አይናገሩም? ፊልሙ እኮ አልገባ አለኝ!"

የፊርማውን ወረቀት ከመቀነቷ አውጥታ መለሰችለት። እዚያው ቆሞ ቀደደው።

እሷም አለቃን ጠየቀቻቸው። "አንዷን ልጅ በር ላይ አቁሜ ነው የመጣሁ" አሏት። "በምን አፌ ሌላዋን ልምከር?" ይህንን ሲሉ አንጀቷን በሏት። ቤቷ ቢዘጋ እንኳ ከሳቸው ጋር ይዘጋ ብላ እንደምታስብ ያን ዕለት ገባት። ትወዳቸው ኖሯል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ፊልም የምታየው በሳቸው በኩል ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራ ፊልም አስገባች፤ የማይቆም፣ የማይጠይቅ፣ ምክር የማይሰማ። በተለመደው ሰዓት አንዲት ልጅ ወደተዘጋ በር ተጠጋች። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ ፊተኛው ወንበር አዞረ። አለቃ ጫማቸውን ያያሉ። ልጅቱ እጇን ዘረጋች። መያዣውን ጨበጠች።

"አትክፈቺ!"

ሥራነሽ ነበረች። ከበርጩማዋ ተነሥታ ቆማለች፤ ሪሞቱ ከመቀነቷ ወድቆ ባትሪው ተበትኗል። ልጅቱ አልሰማችም፤ ከፈተች። 

አለቃ ወልደ ሩፋኤል ቀስ ብለው ወደ ሥራነሽ ዞሩ። ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

"ይበል!" አሉ።

ወዲያው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመልሰው ጣታቸውን ቀሰሩ። "ሰማሽ አንቺ? ነግራሻለች!"