ወንዳወቅና የፈረሱ ጌም

ጌም የሚጫወት ጎልማሳ የሌለበት ከተማ የለም። ቡሬ ብትወርዱ አንድ አለ፤ ሽንዲ ብትሻገሩ አንድ አለ። እኩዮቹ ቤት ሠርተው ቆርቆሮ ሲያለብሱ፣ ልጅ ክርስትና ሲያስነሱ፣ ለሽምግልና ሲጠሩ፣ እሱ ከቢሮ እንደወጣ የሚሮጠው ወደ ጆይስቲኩ ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ስቆ ስቆ ሲያበቃም ራሱን ነቅንቆ "ምን ነክቶት ይሆን?" ይልና መንገዱን ይቀጥላል።

የፍኖተ ሰላሙ ወንዳወቅ ይባላል። ክቡር ወንዳወቅ፣ ሊቀ ጠበብት ዘጆይስቲክ። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት፣ ሥራው የገጠር መሬት ቅየሳ፣ ትዳር የለውም። "ትዳር የለውም" የሚለውን እንዲህ ባጭሩ የሚናገረው ሌላው ሰው ነው፤ እህቱ ተናኜ ከጀመረችው ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ተናኜ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት ፈረስ ቤት ከሚባል ገጠር አምጥታ፣ ልብስ እየሰፋች አስተምራ ለወንበር ያበቃችው እሷ ናት። የስፌት መኪናዋ በፊተኛው ክፍል፣ የወንዳወቅ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን በኋለኛው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። እሷ ከጧት ጀምሮ ትቀጠቅጣለች፤ እሱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይጫወታል። እሑድ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሴት ደንግጣ "ኧረ ተናኜ፣ ምንድን ነው የሚፈነዳው?" ስትላት፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች "ወንድሜ ነው፤ ሰው እየገደለ ነው" ትላለች።

ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞር ብላ "ዓይንህ ይፍሰስ!" ትለዋለች።

"አሜን እታለም" ይላል ከውስጥ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ዓይንህ ይፍሰስ፣ አሜን እታለም። በእነሱ ቤት ይሄ ከ"እንደምን ዋልህ" የተለየ ነገር አልነበረም።

የአጨዋወቱን ሥርዓት የሰማ ገዳም የገባ ሰው ይመስለዋል። በሥራ ቀን ኳስ ብቻ። ቅዳሜ መኪና። የተኩሱ ጌም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ በጾም ግን ጨርሶ አይነካም። ይህን ሥርዓት ያወጣው የንስሐ አባታቸውን አባ ገብረሰንበትን አማክሮ ነው። ከሁዳዴ በፊት አንድ ቀን፣ ተናኜ ባለችበት፣ አንገቱን ደፍቶ ጠየቃቸው።

"አባቴ፣ በጌም ሰው መግደል ያስጠይቃል?"

አባ ገብረሰንበት መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ። "የሞተው ሰው ስሙ ማን ነው?"

"ስም የለውም፣ አባቴ።"

"ስም ከሌለው ፍትሐቱን ለማን እናደርሳለን? ለማንኛውም በጾም ተወው። ካስፈለገህ መኪናውን ንዳ።"

እንዲህ ሆኖ ተደነገገ። ሁዳዴን ሙሉ ሰው ሳይገጭ ሲነዳ ይከርማል።

ዘመኑ ከሚሌኒየሙ በዓል ማግስት ነው፤ ቢሮ ሁሉ ዕቅድና ክንውን የሚጽፍበት ዘመን። ወንዳወቅም የጌሙን ነገር በቢሮ ቅጽ አዘጋጅቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። "በሩብ ዓመቱ የተጠናቀቁ፤ በመጫወት ላይ ያሉ፤ የሚጠበቁ።" ክንውን ስድሳ ሁለት በመቶ። ለጉድለቱ የቀረበ ምክንያት፦ "የመስክ ሥራ መብዛት፣ የእህት ጭቅጭቅ።" የሚጠበቁ ከሚለው ሥር ሦስት አራት ስም ነበረ፤ አንዱ ሲሰረዝ ሌላው ሲጨመር ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነቃነቅ የቆየው ግን አንድ ብቻ ነው፤ የፈረሱ ጌም።

ወሬውን ያገኘው ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዶ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሰው በፈረስ ሰፊ አገር ላይ ይጋልባል፣ ሽፍታ ያባርራል፣ ወንዝ ይሻገራል። ወንዳወቅ ይህን ሲያወራ ሽሮ ይበርድበታል።

"ፈረስ ነው የናፈቀህ?" አለችው ተናኜ። "ውጣና እይ እንጂ! በሩ ላይ ሃያ ጋሪ ቆሟል፤ ሽታው ጭምር በነጻ ነው።"

"የጋሪ ፈረስ እኮ መንገዱን ያውቀዋል፣ እታለም። ይሄኛው መንገድ የለውም። ወደ ወደድሽው ትጋልቢያለሽ፤ ዓይንሽ እስካየ ድረስ አገር ነው።"

"ዓይንህ ይፍሰስ።"

"አሜን።"

አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሹፌር እጅጉ እንዲያመጣለት አደራ ተብሎ ነበር። አንድ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ፈረስ ያለበት ሲዲ ይዞለት መጣ። ከፍተው ቢያዩት የሕንድ ፊልም ነው። ወንዳወቅ ሦስት ሰዓት ሙሉ እስከ መጨረሻው አየው፤ ምናልባት በኋላ ጌም ይሆናል ብሎ። ምስኪን።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በመጀመሪያ ያወቁት አብረውት የጌም ኳስ የሚጫወቱት የሰፈር ጎረምሶች ናቸው። ሊቀ ጠበብት በግራ ክንፍ ከመጡበት አይከላከልም። ኳሱ በግራ በኩል ሲመጣ ዝም ብሎ ያያል፤ ሲገባበት ይደነግጣል። ድፍን ከተማው ያልቻለውን ሰው አንድ በአንድ እየገቡ ይቀጡት ጀመር። ቀጥሎ ሰላምታ ተበላሸ። ሰዎች በመንገድ ዳር ቆመው "እንደምን አደርህ ወንዳወቅ" ሲሉት ቀጥ ብሎ ያልፋል። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ነገር የለም፤ ሰው ቢሰርቅ ይመከራል፣ ሰላምታ ካልመለሰ ግን አበቃለት። "ኮራ" ተባለ። "ምን አግኝቶ ነው የኮራው?" ተባለ። ሰው ናቀ የተባለውን ሰውዬ አንድ ቀን ጋሪ ገጭቶ ጭቃ ውስጥ ጣለው፤ ባለጋሪው እየተንቀጠቀጠ "በቀኝህ መጥቼ ሳታየኝ!" አለው። ወንዳወቅ ሱሪውን አራግፎ "ስለ ጌም እያሰብሁ ነው" ብሎ ሳቀ።

መጨረሻ ላይ ሥራው ተበላሸ። የአንድ ገበሬ ማሳ ሲቀይስ ዳር ላይ የተተከለውን ችካል ሳያይ አልፎ ካርታው ጎደለ፤ ማሳው እንደ ገና ተለካ። በቢሮው ግምገማ ተነሣበት። አንዱ ተነሥቶ "ጌም የሚባል የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ አለበት" አለ። ወንዳወቅም ቆሞ ግለ ሂሱን አወረደ፤ ጌም አብዝቻለሁ፣ ሐሳቤ ተሰርቋል፣ አስተካክላለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፤ ሁሉም ረክቶ ወጣ። ውሸቱን መሆኑን ከራሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ተናኜ ወሬው ሲደርሳት ደሟ ፈላ። ለእንጀራው ነው የደነገጠችው። ያን ዕለት ማታ ስፌቷን ጥላ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ልትሰድበው ነው የገባችው፤ ቃሉ ሁሉ አፏ ውስጥ ተደርድሯል። እሱ ድምፁን ቀንሶ ይጫወታል። በግራው በኩል መጥታ ጆሮው ሥር ቆመች። ዞር አላለም። ጠበቀች። የደም ሥሩ እንኳ አልተነቃነቀም። እንደ ቀልድ እጇን ከጉንጩ አጠገብ አወዛወዘች። ምንም። ጣቷን ወደ ዓይኑ ጥግ አስጠጋች፤ ሽፋሽፍቱ አልተርገበገበም።

"ወንዳወቅ" አለችው።

ዘሎ ተነሣ። "መቼ ገባሽ?"

ስድቡ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

መጀመሪያ አልገባኝም አለ። ቀጥሎ ድካም ነው አለ። ከዚያ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነገራት። ከአምና ፋሲካ ጀምሮ ነው። ዳር ዳሩ እየጠቆረ ይመጣል፤ መካከሉ አለ፣ ግን እየጠበበ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም? ሐኪም ቤቱ እዚህ ቅርባችን አይደለም እንዴ? ጌሙን እንዳልጥልብህ ፈርተህ ነው? ለዚህ ዕቃ ብለህ ነው?"

"አይደለም፣ እታለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እርግማኔ ደረሰ ብለሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው" አለ።

ተናኜ ያን ሌሊት አልተኛችም። ስድስት ዓመት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት። ታላቅ የተናገረው በታናሽ ላይ እንደሚያድር ሲነገራት ያደገች ሴት ናት።

ባሕር ዳር ወሰደችው። የዓይን ሐኪሙ መሣሪያውን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ ቆይቶ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገራቸው። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ጠብታው ሊያቆየው ይችላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚያቆየው ማንም አያውቅም፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ቀድሞ ቢመጣ ግን ጥሩ ነበር።

"ጌሙ ነው ያደረገው፣ ዶክተር?" አለች ተናኜ። አዎ ቢላት ደስ ይላት ነበር።

"ጌም ይሄን አያመጣም። በዘር የሚሄድ ነገር ነው። አባታችሁ ያዩ ነበር?"

አባታቸው ዕድሜያቸው ሲገፋ በዱላ ነበር የሚሄዱት። ዓይናቸውን ያጠፋው ጢስ ነው ይባል ነበር። ሐኪሙ "እርስዎም ይታዩ" ብሎ እሷንም አያት፤ ዓይኗ ደኅና ነው። ይሄ ደግሞ ሌላ ሐዘን ሆነባት። በመንገድ ሙሉ መስኮት መስኮቱን እያየች ተመለሰች።

ወንዳወቅ ቤት እንደገባ ዕቅዱን ከግድግዳው ላይ አወረደ። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፈነው። ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ አልጋ ሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ጠፋ፤ ደንበኞቿ "ዛሬስ ሰላም ነው" ይሏት ጀመር። ተናኜ ግን የሚፈነዳው ነገር ናፈቃት። እሷ ራሷ አላመነችውም።

አባ ገብረሰንበት ዘንድ ሄደች። "አባቴ፣ የስድስት ዓመት እርግማን በስንት ስግደት ይነሣል?"

አባ ገብረሰንበት ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አስነገሯት። ከዚያ "እግዚአብሔር የአንቺን አፍ ሰምቶ ሰው ቢያሳውር ኖሮ ግማሹ ጎጃም በመሪ ይሄድ ነበር" አሏት። ማልቀሷን ስላልተወች ግን ጨመሩላት። "ስግደቱን እኔ እሰግድልሻለሁ። አንቺ ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ።"

ተናኜ ከዚያ በቀጥታ መናኸሪያ ሄዳ እጅጉን ያዘችው። የፈረሱን ጌም ካላመጣህ ወደዚህ ከተማ እንዳትመለስ አለችው። እጅጉ ተናኜን ያውቃታል።

ሲዲው የደረሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ጭቃው ጋሪ በሚይዝበት ሰሞን ነው። እጅጉ ራሱ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። "አሁን ፊልም አይደለም፤ አስከፍቼ አይቻለሁ" አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተናኜ ወንበሯን ይዛ መጋረጃውን አልፋ ገባች፤ አንሶላውንም ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈፈችው።

"ተነሥ፣ ክፈተው።"

"አላይም እኮ፣ እታለም።"

"ምን ያህል ታያለህ?"

ጣቶቹን አጥፎ በቡጢው መካከል ቀዳዳ ሠርቶ አሳያት። "ይህችን።"

"ትበቃለች። መካከሉን አንተ እይ፤ ዳር ዳሩን ለእኔ ተወው።"

ከፈተው። ደረቅ፣ ቢጫ አገር መጣ። ተናኜ ግንባሯን ቋጥራ አየችው። "ምን ዓይነት አገር ነው? ዝናብ አያውቅም? ከብቱ ምን ይበላል?"

"እታለም፣ ግራውን!"

"እሺ፣ እሺ። በግራህ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ቆሟል።"

"ምን ይዟል?"

"እንጃ። ጨዋ ሰው ይመስላል። ሰላም በለው።"

"እዚህ እኮ ሰላም አይባልም—"

"ምን ማለት ነው ሰላም አይባልም! ሰው አይደለም እንዴ?"

ባለባርኔጣው ተኮሰ። ወንዳወቅ ከፈረሱ ተወርውሮ ወደቀ፤ ስክሪኑ ደም ለበሰ። ተናኜ "ወይኔ ወንድሜን!" ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቷ ታንጉት እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ ሮጣ መጣች። ምን እንደሆነ ሲነገራት አማትባ ተመለሰች። ወንዳወቅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከባሕር ዳር ወዲህ ሲስቅ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ተናኜ ተቆጣች፣ "ምን ያስቅሃል? ድገመው!" አለችው።

በሁለተኛው ተሻለች። በአምስተኛው "በግራህ ሁለት፤ አንዱ ከድንጋዩ ሥር ነው፤ የቀኙ አህያ ነው፣ እሱን ተወው" የምትል ሰው ሆነች። ወንዳወቅ ሜዳው ላይ ሲወጣ ግን ፈረሱን መግረፍ ጀመረ። ወንዙንም፣ ተራራውንም፣ ሁሉንም እያለፈ ይሸመጥጣል።

"ምን ያስቸኩልሃል?" አለችው። "ሁለት ዓመት ጠብቀህ አገሩን እንኳ ሳታየው! ስንት ቀን ነው የሚፈጀው?"

"ለሚቸኩል ወር ይፈጃል። ቀስ ለሚል ዓመትም ይሄዳል።"

"እንግዲያው ቀስ በል።"

ወንዳወቅ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም። "ቀስ ካልሁ አልጨርሰውም፣ እታለም" አለ።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ወንድሟ ከምን ጋር እንደሚሽቀዳደም ያን ጊዜ ለተናኜ ገባት። ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አየች።

"እንግዲያው ጋልብ" አለችው። "በግራህ ማንም የለም።"