ጋሽ በቀለ የጋበዙት አንደኛ ተራ

«እንግዳ እኮ ነው! ቤታችን ድረስ የመጣ እንግዳ! ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?»

«እንግዳ አይደለም ጋሼ፣ ተጋጣሚ ነው» አለ ዳንኤል።

«ተጋጣሚ ሲሆን እንግድነቱ ይቀራል?»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኔ አፍ ግን ዝንብ ለምዷል። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው የሚጠየቀው አንዴ ነው» አልኳቸው። «ሲሰጡዎት ወዲያው ‹ቴንኪው› ብሎ መቀበል ነው። እምቢ፣ በሞቴ፣ ኧረ ተው፣ እሺ... የሚባል ነገር የለም!» ጣቴንም ሳላወዛውዝ አልቀረሁም።

አንባቢዎቼ፣ ጠብ መሐል ስለማገድኳችሁ ይቅር በሉኝ። ግን እስቲ ፍረዱ፤ ይሉኝታ ያለው ሕዝብ ድራፍት ውስጥ መግባት አለበት? የለበትም! በሕግ ሊከለከል ይገባል።

ድራፍት ስላችሁ ብርጭቆ እንዳታነሡ። ባለፈው ዓመት «ቅዳሜ ድራፍት አለን» ብለን በቡድናችን ግሩፕ ላይ ብንለጥፍ ኳስ አይተው የማያውቁ ሰዎች ጸጉራቸውን ተስተካክለው መጡ። ቦታው ደግሞ ክሪስታል በምትባለው ከተማችን የሚገኘው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ነበር። ፓስተሩ ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ የሆኑትን እኔ አልነግራችሁም።

የኛ ድራፍት የተጫዋች መምረጫ ቀን ነው። ጨዋታው የአውስትራሊያ ፉትቦል ይባላል። ኳሱ እንደ ሎሚ ሞላላ ነው፤ ሜዳውም ሞላላ ነው። ኳሱን በእግር ይለጉታል፣ በእጅ ይቀልቡታል፣ ለጓደኛ ሲያቀብሉት ግን በቡጢ ነው። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ምሰሶዎች ተተክለዋል። በመካከለኞቹ መሐል ካገባችሁ ስድስት ነጥብ፤ ስታችሁ በዳርዳሩ ካለፈች አንድ ነጥብ። አዎ፣ ለሳተ ሰው ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ! ይህን የሰማሁ ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ ግጥም ጻፍኩ፦

በኳስ ሜዳ ስቼ አንድ ነጥብ አገኘሁ፣
በኑሮ ስስት ግን ማን ሲሰጠኝ አየሁ?

በአካባቢያችን ወንድና ሴት ተደባልቆ የሚጫወትበት አራት ቡድን ያለው የበጋ ሊግ አለ። የኛ ቡድን የክሪስታል ንቦች ይባላል። ሊቀ መንበሩ ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ፎርት ስኔሊንግ በሚባለው ሠፈር በኩል ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሸትል አውቶቡስ ድራይቭ ያደርጋሉ። ሰው ቀድመው በር አልፈው ያውቃሉ የሚባል ሐሜት የለባቸውም፤ ዘወትር እሳቸው ናቸው በሩን ይዘው የሚቀሩት። አምበላችን ዳንኤል የመዘምራኑ ከበሮ መቺ ነው። እኔስ? እኔ የስልት መካሪዋ ነኝ። ኳስ ስመታ ኳሷ ራሷ ታፍርብኛለች፤ ነገር ግን አውስትራሊያውያን ስለ ድራፍት የሚከራከሩበትን ቪዲዮ ሁሉ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ መኪናዬ ውስጥ አይቼ ጨርሻለሁ። ከግጥም ቀጥሎ ያለ አስተማሪ የተማርኩት ይህን ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። አዲስ የተመዘገበ ተጫዋች የፈለገው ቡድን ዘው ብሎ አይገባም። ቡድኖቹ ተሰብስበው በየተራ ይመርጡታል። መጨረሻ የወጣ ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ተራን መሸጥ፣ መለወጥ፣ የመጪውን ዓመት ተራ ጨምሮ መደራደር ይቻላል። ዕቁብ የጣለ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ተራህን ለኔ፣ ተራዬን ላንተ ነው።

እኛ ደግሞ አምና መጨረሻ ወጣን። በእቅድ ነው! መጨረሻ እንድንወጣ የመከርኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ምክሬ የመጣው ከወቅቱ አጋማሽ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሸነፍነው በራሳችን ጥረት ነበር። ምክሬን ከሰማን በኋላ ግን አንገታችንን ቀና አድርገን ተሸነፍን።

ዘንድሮ ግን ቀልድ የለም። ሊጉ ቁርጡን ነግሮናል፤ በዚህ በጋ አንድ ጨዋታ እንኳ ካላሸነፍን ቡድናችን ይፈርሳል፣ እኛም ለሌሎቹ ቡድኖች እንደ ቅርጫ ሥጋ እንመደባለን። ዳንኤል ለብቻው፣ ጋሽ በቀለ ለብቻቸው፣ እኔ ከየትኛው መደብ እንደምጣል እግዜር ይወቅ።

መድኃኒታችን ገመቹ ነበር። ገመቹ የአምቦ ልጅ ነው፤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። ቁመቱን ልንገራችሁ ብዬ ሦስት ምሳሌ አስቤ ሦስቱም አጠሩ። ያገኙት ጋሽ በቀለ ናቸው። ከሸትላቸው መደርደሪያ ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣ ተንሸራቶ ወደ አንዲት አሮጊት ሲወርድ፣ ገመቹ ከኋላ መጥቶ ከሰው ሁሉ አናት በላይ በአንድ እጁ ቀለበው፤ በሌላው እጁ ሳምቡሳ ይበላ ነበር፣ ሳምቡሳውም አልወደቀ። በአውስትራሊያ ፉትቦል እንዲህ ኳስ ከሰማይ የሚቀልብ ሰው ያለው ቡድን ግማሹን አሸንፏል። ጋሽ በቀለ ያን ዕለት ደውለው «ልጄ፣ ዛፍ አገኘሁ» አሉኝ።

ገመቹ ሲመዘገብ ግራ ገብቶት ነበር። እኔ የማውቀው እናንተን ነው፣ ለምንድነው ዝም ብዬ የማልመጣው ብሎ ጠየቀኝ። ሕግ ነው አልኩት። ግን አይዞህ፣ አንደኛው ተራ የኛ ነው፣ ማንም አይነካህም ብዬ ማልኩለት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሚያዝያ ነው፣ ውጭ በረዶ ይወርዳል፣ ማንም አልገረመውም። ምድር ቤቱን አጽድተን፣ ወንበር ደርድረን፣ ሳምቡሳ ከምረን ሦስቱን ቡድኖች ተቀበልን። የጎረቤታችን የኒው ሆፕ ከተማ ቡድን አለቃ ብሬት የሚባል አውስትራሊያዊ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሊጉን የመሠረተው እሱ ስለሆነ ተራ የሚጠራውም እሱ ነው። ከኛ ቀጥሎ ሁለተኛው ተራ የነሱ ነበር። ብሬት ብድግ አለና «ክሪስታል፣ አንደኛ ተራ» ብሎ ጠራ።

ጋሽ በቀለ ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና...

«ኖ ኖ። ዩ ፈርስት። ዩ አር ጌስት።»

ብሬት መንገድ ላይ ወርቅ አይቶ ባለቤቱን እንደሚፈልግ ሰው ግራ ቀኙን ተመለከተ። ደግ ሰው ነው፤ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ይህ ነው ያጠፋን! ጋሽ በቀለ ጥያቄውን እንደ መጀመሪያው እምቢታ ቆጠሩት። እንደ ወጉ ከሆነ ገና ሁለት እምቢታ ይቀራል፤ በመጨረሻም ብሬት «በፍጹም አይሆንም፣ ባለቤት ይቅደም» ይላል፣ እሳቸውም እያዘኑ ይቀድማሉ። ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ጉልበት ጨመሩ።

«ፕሊስ! በሞቴ!»

ብሬት በሞቴ የሚለው ቃል የሊጉ ደንብ ውስጥ ያለ ሳይመስለው አልቀረም። «ቴንኪው» አለና ገመቹን መረጠ።

ገመቹ ከኋላ ወንበር ላይ ሳምቡሳውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከዚያ ወደ ኒው ሆፖች ረድፍ ሄደና እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጠ። ብሬት ሁለተኛው ተራ በለውጡ የኛ መሆኑን ተናግሮ ሻይ ይጠጣ አለ፤ ሁለተኛው ተራ እስኪጠራ ድረስ መደራደር ይቻላል። ያ መጀመሪያ ላይ የሰማችሁት ጠብ የተነሣው እንግዲህ በሻይ ሰዓት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ጋሽ በቀለ ምክሬን ከሰሙ በኋላ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ሽማግሌ እንላክ!»

እኔም ተስማማሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ሁለቱንም አቁሜ አስተማርኳቸው። በድራፍት ዘመድ የለም አልኳቸው። ሁለተኛውን ተራና የመጪውን ዓመት አንደኛ ተራ እናቀርባለን፤ ሰው ጨምሩ ካለን ደግሞ ለሜዳ የማይጠቅመንን ሰው እንሰጣለን፣ ለቅሶ የለም፣ እንባ የለም፣ ስሜት በር ላይ ይቀመጥ።

«ማንንም?» አለ ዳንኤል።

«ማንንም! ትልቅ ቡድን የሚለየው በዚህ ነው።»

ዳንኤል ጫማውን አየ። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ... ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ሦስታችን ተሰልፈን ወደ ብሬት ሄድን። ብሬት አክብሮ ወንበር አቀረበ። ጋሽ በቀለ አልተቀመጡም፤ የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል መቀመጥ ነውር ነው። ብሬት ሌላ፣ ስፖንጅ ያለው ወንበር አመጣ። አሁንም አልተቀመጡም። ቀስ ብሎ በጆሮዬ፣ ሰውዬውን ወገባቸውን ያማቸዋል እንዴ አለኝ።

ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከእናንተ ቤት አንድ መልካም ልጅ እንዳለ ሰምተን፣ ዘሩን አጣርተን፣ ጠባዩን ጠይቀን፣ ደጃችሁን ልንጠና መጣን አሉ። ልጁ እነ ብሬት ቤት ከገባ ገና አንድ ብርጭቆ ሻይ አልጠጣም! ስለ ፍቅር፣ ስለ ጉርብትና፣ ክሪስታልና ኒው ሆፕ ድንበርተኛ ስለመሆናቸው አወሩ። ሲጨርሱ ብሬት ወደኔ ዞረ።

«ገመቹን መልስልን ነው የሚሉት» አልኩት።

ከዚያ የኔ ሰዓት ሆነ። አንባቢዎቼ፣ ብታዩኝ! ሁለተኛውን ተራ ዘረጋሁ። ራሱን ነቀነቀ። የመጪውን ዓመት ጨመርኩ። አገጩን አሸ። ባይቀበል በመጪው ዓመት የሚቆጭበትን ምክንያት በየመልኩ አስረዳሁት፤ ግጥም ሁሉ ጣል አደረግሁበት። ብሬት እያዳመጠ ፈገግ ማለት ጀመረ። በመጨረሻ፣ ጥሩ፣ ሁለቱ ተራና አንድ ተጫዋች ከሰጣችሁኝ ገመቹ የናንተ ነው አለ።

«ማንን ትፈልጋለህ?» አልኩት፣ ስሜቴን በር ላይ እንዳስቀመጥኩ።

«አንቺን። እዚህ ክፍል ውስጥ የተራን ዋጋ የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይሉ ነበር አባቶች። ይባስ ብሎ አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ! የሌላ ሰው ስም ጠርቼ ላልፍ ከጀለኝ፤ ግን የብሬት ጣት ወደ አፍንጫዬ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ጣት ደግሞ ትርጉም አያሻውም።

«እኔን ነው የሚፈልገው» አልኩ፣ እየሳቅሁ።

ሳቄ ከልቤ ነበር። ጋሽ በቀለን አውቃቸዋለሁና። እንግዳን ሳምቡሳ ብሉ ብለው የሚለምኑ ሰው ልጄ የሚሏትን በመጀመሪያ ጥያቄ ይሰጣሉ? መጀመሪያ «በፍጹም!» ይላሉ። ከዚያ «ይቺን? ዓይናችንን?» ይላሉ። ቢያንስ ሦስት ዙር አለኝ፤ በሦስት ዙር ውስጥ ደግሞ ብሬት ተሰላችቶ ሌላ ሰው ይጠይቃል። እንዳሰብኩትም ጋሽ በቀለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«ቴንኪው» አሉ።

እና ተቀመጡ። ስፖንጁ ወንበር ላይ።

«ጋሼ!»

«ምነው ልጄ? አንዴ ነው የሚጠይቁት፣ ወዲያው ተቀበል አላልሽኝም?» አሉኝ፣ የደብተሩን ጥያቄ በትክክል እንደመለሰ ተማሪ በኮራ ፊት።

ዳንኤል የሆነ መዝሙር በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታ ጀመር፤ ዓይኔን ላለማየት። ገመቹ በሁለት እርምጃ ወደ ንቦቹ ረድፍ ተመለሰና የቀረው ወንበር የኔ ስለነበር እዚያው ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። «እህቴ፣ እኔ የማውቀው አንቺን ነው። እኔ ስመጣ አንቺ የት ትሄጃለሽ?» አለኝ። የያዛትን ሳምቡሳ ገምሶ ሰጠኝ። ወዲያው ተቀበልኩት፤ እኔም ተምሬያለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ከሆዴ ሥር የሆነ ነገር ይስቅ ነበር። ንቦቹ በዚህ በጋ ያሸንፋሉ፤ ዛፋቸውን አግኝተዋል፣ አይፈርሱም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስሜን ጠርቶ መረጠኝ፤ ያውም ለሁለት ተራ መሙያ! ስቼም አንድ ነጥብ ያገኘሁ መሰለኝ።

ድራፍቱ ሲያልቅ ብሬት ኮቱን ለብሶ፣ አዲሶቹን ተጫዋቾቹን ኒው ሆፕ ፒዛ ሊጋብዝ ተነሣ። ሌሎቹ ወደ መኪናቸው ቀድመው ሄዱ። ንቦቹን አንድ በአንድ ተሰናበትኩ። ጋሽ በቀለ ግንባሬን ስመው «በርቺ ልጄ፣ እንዳታሳፍሪን» አሉኝ። ብሬት የምድር ቤቱን ከባድ በር ከፍቶ ያዘልኝ። በረዶው ፊቱ ላይ ይበተናል። በእጁ ወደ ውጭ አሳየኝና ቅደሚ አለኝ።

ልማድ ክፉ ነው። እጄ በራሷ ፈቃድ ደረቴ ላይ ወጣች።

«አይ፣ አንተ ቅደም» አልኩት።

«ቴንኪው» አለና ወጣ። በሩም ተዘጋ።